የደሴ ቤት በደሴ ፀሐይ ይታይ

ሰሞኑን «ብርሃን የሬንደር ሜካፕ ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ሬንደር ማለት ገና ያልተሠራን ቤት በኮምፒውተር ሠርተን ለደንበኛ የምናሳየው ምስል ነው። የጻፉት ሰው በሙያችን የቆዩ ናቸው፤ አጻጻፋቸውም አይሰለችም። ላላነበባችሁት ሐሳባቸውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ደንበኛ የሚገዛው ቆንጆ ምስል ነው ይላሉ። ስለዚህ ፀሐይዋን ምስሉ በሚያምርበት ቦታ አስቀምጧት፤ ቦታና ቀን ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው። ሰማዩን ከኢንተርኔት ባወረዳችሁት ኤችዲአርአይ፣ ማለትም ብርሃኑን ጭምር በያዘ የሰማይ ፎቶ፣ ሸፍኑት። ክፍሉ ከጨለመ መብራት ጨምሩ። ነጭ ግድግዳ ፍጹም ነጭ ይሁን። የቀረውን ፎቶሾፕ ይጨርሰዋል። እውነተኛ ብርሃን የሚባለው ነገር ኃይለኛ ኮምፒውተር ላላቸው የተተወ ነው። ጽሑፉ ይኸው ነው።

በአብዛኛው አልስማማም። የምሠራው ደሴ ነው፤ አንዳንዴም ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ደንበኞቼ ሬንደሩን አይተው መስኮት ያስቀይራሉ፤ በረንዳ ያዞራሉ። ምስሉን የሚቀበሉት እንደ ቃል ነው። «ቤትሽ እንዲህ ይሆናል» ተብሎ እንደተሰጠ ቃል። እንደዚያ ለሚያምን ሰው ፀሐይን እንዳሻን ማንቀሳቀስ ከብዶኛል። ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

«ቦታና ቀን ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው»

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። ዋናው ልዩነታችን ይሄ ነው።

ስኬችአፕ በሚባለው የቤት ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ቦታ ካላስገባችሁ ፕሮግራሙ የራሱን ቦታ ይወስዳል። ያም ቦልደር ነው፤ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ። ቦልደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ ላይ ናት። ደሴ 11 ዲግሪ ላይ ናት። ቦልደር ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትውለው። እኛ ዘንድ ግን ከሚያዝያ 11 አካባቢ እስከ ነሐሴ 18 አካባቢ በሰሜን በኩል ታልፋለች። አራት ወር ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ቀትር ላይ ፀሐይ የሚያገኘው የሰሜኑ ግድግዳ ነው። ቦታ ያላስገባ ሰው ይህን በምስሉ ላይ መቼም አያየውም።

ቁጥሩን እንየው። ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ የጣሪያ ጠርዝ አለን እንበል። ታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ የደሴ ፀሐይ 55 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ትላለች። የጣሪያው ጥላ በደቡቡ ግድግዳ ላይ 87 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። በዚያው ቀን የቦልደር ፀሐይ ከ26 ዲግሪ ተኩል ብዙም አትበልጥም። ጥላው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሰኔ 14 ላይ ደግሞ ፀሐያችን በሰሜን በኩል ወደ 78 ዲግሪ ትጠጋለች። ያው ጣሪያ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ 2 ሜትር ከ75 ጥላ ይጥላል። ግድግዳው ከሞላ ጎደል ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳሎን እንግባ። የደቡቡ መስኮት አናቱ ከወለል 2 ሜትር ከ10 ነው፤ የጣሪያው ጠርዝ 2 ሜትር ከ80 ላይ ነው እንበል። ታኅሣሥ ላይ የቦልደር ፀሐይ ወለሉን ይዛ 4 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ትገባለች። ሶፋውም ምንጣፉም ወርቅ ይመስላል። የደሴ ፀሐይ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል አታልፍም። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሰው አይነገርም። በቦልደር ፀሐይ የተሠራውን ምስል አይቶ የፈረመ ደንበኛ ያልተሰጠውን ሙቀት ከፍሎ ገዛ።

ሰዓትና ቀን ላይ የምናጠፋው ጥፋት ደግሞ የእኛው የብቻችን ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጠዋት 3 ሰዓትን «3» ብሎ ያስገባ ልጅ ድቅድቅ ሌሊት ይወጣለታል። እሱስ ወዲያው ይታያል። የማይታየው የወሩ ስሕተት ነው። ታኅሣሥ አራተኛ ወራችን ስለሆነ 4 ብሎ የሚያስገባ አለ። ፕሮግራሙ ሚያዝያ ውስጥ ይከተዋል። ያኔ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ምስሉ የተበላሸ አይመስልም። ግን የታኅሣሥ ቤት አይደለም። የሰዓት ክልሉንም ከግሪንዊች 3 ሰዓት ቀደም ብሎ አድርጉት። ደሴ ላይ ትክክለኛው ቀትር 6 ሰዓት ላይ እንዳልሆነም እወቁ። እንደ ወሩ ይለያያል እንጂ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው።

ይህን ሁሉ አስገብቼም አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት እናት ጂ+1 ቤት ሠራሁ። ቦታው ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ ሰዓቱ ትክክል። በረንዳውን በታኅሣሥ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሬንደር አደረግሁት። ብርሃኑ በምዕራብ በኩል አግድም ገብቶ የቡናውን ረከቦት ሳይቀር አብርቶት ነበር። እትዬ ምስሉን አይተው በረንዳውን ወደ ምዕራብ አስዞሩት። ከሰዓት በኋላ ቡና የሚጠጡበት ቦታ እንዲሆን ፈለጉ። ቤቱ አለቀ። ልጠይቃቸው ስሄድ ሻሽና ጋቢ ደራርበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ያቺ ፀሐይ የታለች?» አሉኝ።

ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ነበረች። ፕሮግራሙ ጦሳን አያውቀውም። ለእሱ ዙሪያው ሁሉ ሜዳ ነው። ከእትዬ በረንዳ ላይ ሆኜ በስልኬ የተራራውን አናት ለካሁት፤ 12 ዲግሪ ሆነ። በሬንደሬ ሰዓት ፀሐይ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ነበረች። ፀሐይ በእኛ አካባቢ ስትጠልቅ በሰዓት ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ስለዚህ 12 ዲግሪ ተራራ የ50 ደቂቃ ገደማ ብርሃን ይወስዳል። ያ ደግሞ ሁላችንም ለምስል የምንመርጠው ወርቃማው ሰዓት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቦታው ድረስ ሂዱ። በስልክ የተራራውን ከፍታ በዲግሪ ለኩ። ከዚያ ሞዴሉ ላይ ከቤቱ 100 ሜትር ርቆ በዚያ አቅጣጫ አንድ ረጅም ግድግዳ አቁሙ። ለ12 ዲግሪ 21 ሜትር ከፍታ ይበቃዋል። ቀለሙን የተራራ ቀለም አድርጉት፤ ነጭ ከተዋችሁት የማይገባ ብርሃን መልሶ ይረጫል። በምሥራቅ በኩልም እንደዚሁ፤ ጠዋት ፀሐይ የምትዘገይበት ሰፈር ሞልቷል። እኔ ከእትዬ በኋላ ይህን ሳላደርግ ለማንም ምስል አሳይቼ አላውቅም።

የከፍታ ነገርም አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረጎን ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬት የምታወልቁት በምክንያት ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ ጥላና ብርሃን ጎልተው ይለያያሉ። ቪ-ሬይ በሚባለው የሬንደር ፕሮግራም ላይ ተርቢዲቲ የምትባለው ቁጥር የአየሩን ጥራት ትነግረዋለች። ለደሴ የበጋ ጠዋት ከ2 እስከ 3 አደርጋታለሁ። ለኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ፣ አቧራው ሲነሳ፣ ወደ 5 አወጣታለሁ። ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ላይ ደግሞ በ2.90 እትም መጀመሪያ ኒሺታ ተብሎ የወጣው ሰማይ ከፍታውን ራሱን ይቀበላል። ይሄ ሁሉ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

«ሰማዩን በኤችዲአርአይ ሸፍኑት»

ኤችዲአርአይን አልጠላም። ተመራማሪው ፖል ዴበቬክ በፈረንጆቹ 1998 በእውነተኛ ቦታ የተነሳ ብርሃን የኮምፒውተር ምስልን እንዴት እንደሚያበራ ካሳየ ወዲህ ሙያችን ተቀይሯል። ፖሊ ሄቨን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያሉት በነጻ የሚወርዱ ሰማዮችም ድንቅ ናቸው። ነገር ግን በፎቶው ላይ ያለችው ፀሐይ ፎቶው በተነሳበት ከፍታ ተቸንክራለች። ወደ ግራና ቀኝ ታዞሯታላችሁ፤ ከፍ ዝቅ ማድረግ ግን አትችሉም። አውሮፓ ውስጥ በብርዱ ወራት የተነሳ ሰማይ ደሴ ላይ ስታደርጉ ተመልሳችሁ ቦልደር ገባችሁ።

ሌላም ችግር አለ። ፎቶው ሲነሳ የፀሐይዋ ጉልበት በሙሉ ካልተያዘ ጥላው ይደክማል፤ ቤቱ መሬት ያልነካ ይመስላል። እውነተኛዋ ፀሐይ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ብቻ አላት። 5 ሜትር ከፍ ካለ ጠርዝ የሚወርድ ጥላ ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይደበዝዛል። ጸሐፊው «ለስላሳ ጥላ ያምራል» ብለው የፀሐይዋን መጠን አሥር እጥፍ ማሳደግን ይመክራሉ። የበጋ ቀን እንዲህ አይደለም። የደሴን የጥር ጥላ ግድግዳ ላይ ሄዳችሁ እዩት፤ በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው።

ኤችዲአርአይ የሚያሸንፍበት ቦታ ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ደመናው ጦሳን ሸፍኖ ሲውል ፀሐይ የሚባል ነገር የለም፤ ብርሃኑ ከሰማዩ በሙሉ ይመጣል። ለዚያ ደመናማ ኤችዲአርአይ ከምንም ይሻላል። የሚገርመኝ ደንበኛን የክረምት ምስል የሚያሳይ ሰው አለመኖሩ ነው። ሰዉ ቤቱ ውስጥ ሐምሌንና ነሐሴንም ይኖራል እኮ።

«ክፍሉ ከጨለመ መብራት ጨምሩ»

ጸሐፊው ለአንድ ሳሎን 12 የተደበቁ መብራቶች አስቀምጠዋል። ምንጫቸው አይታይም፤ ከሶፋ ጀርባ፣ ከኮርኒሱ በታች፣ ከካሜራው ኋላ። ምስሉ ደምቋል። የጠረጴዛው እግር ግን በአራት አቅጣጫ ጥላ ጥሏል። ተመልካቹ ምን እንደረበሸው አያውቅም፤ ዓይኑ ግን «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ይለዋል።

ክፍል በሬንደር ላይ ሲጨልም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካሜራው ነው። ውጭ በጠራራ ፀሐይ መሬት ላይ 100,000 ሉክስ ያህል ይወርዳል፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው። ቤት ውስጥ ጥቂት መቶ ሉክስ ነው። ዓይናችን ይህን ልዩነት ሳናውቀው ያስተካክለዋል። ካሜራ ካልተነገረው አያስተካክልም። ካሜራው ምን ያህል ብርሃን እንደሚቀበል የሚወስነው የኤክስፖዠር ቁጥር ለውጭ ምስል 15 አካባቢ ነው። በቀን ለቤት ውስጥ ወደ 8 አውርዱት። በየአንዱ ቁጥር ብርሃኑ እጥፍ ስለሚሆን ይህ ብቻ 128 እጥፍ ነው። አንድም መብራት ሳትጨምሩ ክፍሉ ይበራል። መስኮቱ ነጭ ይሆናል፤ ይሁን። ፎቶ አንሺም ሳሎን ሲያነሳ መስኮቱ ይነጣበታል።

ካሜራው ተስተካክሎም ጥጉ ከጨለመስ? ያኔ ቤቱ ነው የጨለመው። ሬንደሩ እውነቱን ነግሯችኋል። መስኮቱን አስፉት፣ ወይም ከበሩ በላይ መስታወት ጨምሩ፣ ወይም ከአጥሩ አርቁት። ይህን ማወቅ ያለብን ብሎኬቱ ከመደርደሩ በፊት ነው። የተደበቀ መብራት ያን ዕድል ያሳጣል። ከጸሐፊው ጋር እዚህም ላይ በጣም እለያያለሁ። በሜካፕ የተሸፈነ የጨለመ ክፍል ሲሠራም ጨለማ ነው።

የማታውን ምስል ደግሞ በእውነተኛ አምፖል ሥሩት። 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጣል። 4 በ4 የሆነ ክፍል ውስጥ አንድ አምፖል ኮርኒሱ መሃል አድርጉ። ግማሹ ወለሉ ላይ ቢደርስ በካሬ ሜትር 25 ሉመን፣ ማለትም 25 ሉክስ ነው። ይሄ ደብዛዛ ነው። አብዛኛው ቤታችን እንዲህ ነው ማታ። ደንበኛው ይህን ካየ «ሁለት ተጨማሪ አምፖል ይግባ» ይላል፤ ኤሌክትሪሻኑ ገመዱን በልስኑ ውስጥ ሳያሳልፍ በፊት። በዋትና በሉመን ከሠራችሁ የኤክስፖዠሩን ቁጥር ለማታ ወደ 3 ወይም 4 ታወርዳላችሁ፤ ምስሉ አይጨልምባችሁም። የአምፖል ፋብሪካዎች ብርሃኑ በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚገልጽ አይኢኤስ የሚባል ፋይል ያወጣሉ። ግድግዳ ላይ የሚወርደውን የብርሃን ቅርጽ ልክ የሚያደርገው እሱ ነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር። በየሬንደሩ የምናየው ሞቅ ያለ የሆቴል ብርሃን 3000 ኬልቪን አካባቢ ነው። ከሱቅ የምንገዛውን አምፖል ካርቶን አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ 6500 ይላል። ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ደንበኛው ሞቅ ያለውን ከፈለገ ደስ ይላል፤ ግን የትኛውን አምፖል እንዲገዛ ንገሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰፈራችን ከሰማይ ሌላ የብርሃን ምንጭ አለ፤ የጎረቤት ቆርቆሮ። አዲስ ቆርቆሮ ጠዋት ላይ ጨረሩን እንደ መስታወት መልሶ ኮርኒሳችን ላይ ይጥላል። የዛገው ደግሞ ቡናማ ሙቀት ያለው ብርሃን ይሰጣል። የጎረቤትን ጣሪያ እንደ ተራ ሳጥን እንኳ ሞዴላችሁ ውስጥ አስገቡት። ውስጡን ሊሾ ካደረጋችሁት ወለሉም ይሠራላችኋል፤ ከመስኮት የገባውን ይዞ ወደ ጥግ ያደርሰዋል።

«ነጭ ግድግዳ ፍጹም ነጭ ይሁን»

አይሁን። በዓለም ላይ ብርሃን ሳይቀንስ የሚመልስ ቀለም የለም። ጥሩ ነጭ ቀለም 80 በመቶ ገደማ ይመልሳል። ብርሃን አምስት ጊዜ ከግድግዳ ግድግዳ ከነጠረ ከመቶው 33 ያህሉ ይቀራል። ነጩን ሙሉ ካደረጋችሁት ግን አንድም አይቀንስም። ጥጉ ጥላ ያጣል፤ ክፍሉ ከወረቀት የተቆረጠ ይመስላል። ጸሐፊው «ሬንደሬ ለምን እንደሚደርቅ አይገባኝም» ያሉት ነገር ምናልባት መልሱ እዚህ ጋ ነው። ጥቁሩንም ፍጹም ጥቁር አታድርጉት።

«የቀረውን ፎቶሾፕ ይጨርሰዋል»

ግማሹ ልክ ነው። ትንሽ ንፅፅር፣ ትንሽ የቀለም ማስተካከያ እኔም አደርጋለሁ። ፎቶሾፕ ግን ያልነበረ ጥላ አይፈጥርም፤ በጄፔግ የተቃጠለ ሰማይም አይመልስም። ሬንደሩን ብርቱውን ብርሃን ሳይቆርጥ በሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ በኢኤክስአር፣ አስቀምጡት። ያኔ ከነጣው መስኮት ውስጥ የጎደለውን ሰማይ ማውጣት ይቻላል። ብሌንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ከ4.0 ጀምሮ ሳይነካ የሚመጣው ኤጂኤክስ የሚባል የቀለም ማሳያ ስልት ብርቱ ብርሃንን ከድሮው በተሻለ ይይዘዋል፤ ያለምክንያት አትቀይሩት።

«ኃይለኛ ኮምፒውተር የሌለው ይተወው»

ይሄኛው ያሳስበኛል፤ ጽሑፉን የሚያነቡት ተማሪዎች ናቸውና። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ በወንድሙ ላፕቶፕ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። መብራትም በመሃል ይሄዳል። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ችግሩ አለ። ግን እስካሁን ከጻፍኩት ውስጥ ቦታ ማስገባት፣ ቀን ማስተካከል፣ ተራራ መለካት፣ ኤክስፖዠር ማውረድ፣ ነጩን 80 በመቶ ማድረግ ኮምፒውተሩን በምንም አያከብዱትም። የሚያከብደው 12ቱ የተደበቁ መብራቶች ናቸው። አብሽሩ።

ብርሃን ስትሞክሩ ዕቃውን ሁሉ አንድ ግራጫ ቀለም አልብሱት። ምስሉን በስፋትም በቁመትም ግማሽ አድርጉት፤ ሥራው ወደ ሩብ ይወርዳል። ገና ባላለቀ ምስል ላይ የሚታየው የነጠብጣብ ፍንጥርጥር አያስጨንቃችሁ። ፍንጥርጥሩን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ ለመጨረሻው ምስል ብቻ አቆዩት። ብርሃኑ በግራጫው ላይ ካማረ በቀለም ላይም ያምራል።

እኔ አሁን ለደንበኛ የምሰጠው ሦስት ምስል ነው። አንዱ ታኅሣሥ 12 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ተራራዎቹ በቦታቸው ቆመው። አንዱ ሐምሌ ላይ ነው፤ ደመና። ሦስተኛው ማታ ነው፤ ደንበኛው ራሱ ከሱቅ በሚገዛው አምፖል። ከመተኛቴ በፊት በአሮጌው ላፕቶፔ አስጀምራቸዋለሁ፤ መብራት ካልሄደ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ያልቃሉ።